አባቴ ዘማቾችን የመረቀ ቀን

ማይክ ሲያፏጭ መስማት አልችልም። በቀደም ሰርግ ላይ ሙዚቀኛው «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ሲሞክር ያቺ ሹል ፉጨት ጆሮዬን ወጋችኝ። ሳህኔን አስቀምጬ ወጣሁ። ሰው ታመመች አለ። አልታመምኩም፤ ተናድጄ ነው።

በደርግ ጊዜ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ወንድሜን ቅዳሜ ገበያ፣ በጉን ሸጦ ባዶውን ገመድ በእጁ እንደያዘ ለውትድርና አፈሱት። ከሌሎቹ ልጆች ጋር ቀበሌው አዳራሽ ቆለፉበት። በማግስቱ ሊቀመንበሩ ራሱ ቤታችን መጣ።

አባቴ ጢም ሳያወጣ ጣሊያንን ሊወጋ ጫካ የገባ አርበኛ ነበር። ግራ ጉልበቱ አይታጠፍም፤ ሲቀመጥ እግሩን እንደ አጣና ዘርግቶ ነው። የሚያገባውም፣ መንገደኛውም፣ ፈተና ያለበት ተማሪም ለምርቃት ወደ እሱ ይመጣል። በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርስና ቅቤ ቅቤ የሚሸት እጁን አናታቸው ላይ ያሳርፋል።

«አባቴ፣» አለ ሊቀመንበሩ፣ «ነገ ልጆቹ ሲሸኙ እርስዎ ይመርቁልን። ጠላትን ደምስሱ፣ ወይ ድል ወይ ሞት ይበሏቸው። ከእርስዎ አፍ ሲወጣ ሌላ ነው። የእርስዎን ልጅ እኛ ከመኪናው እናወርደዋለን።»

«ታወርደዋለህ?»

«በአብዮቱ ስም።»

«አብዮቱን ተወው። በእናትህ ማል።»

ማለ።

ሰኞ ጠዋት ሜዳው በአቧራና በናፍጣ ሽታ ታፍኖ ነበር። ልጆቹ ኦራል መኪና ላይ ተጭነዋል፤ እናቶች ከታች በጨርቅ የቋጠሩትን ቆሎ ይወረውሩላቸዋል። ወንድሜ ዳር ላይ ነበር። እንደሚወርድ ሰምቷል መሰለኝ፣ ፈገግ አለልኝ።

አባቴ ማይኩን ያዘ። ልጆቹን አየ። እናቶቹን ደግሞ ብዙ አያቸው። «ጥይት ይሳታችሁ» አለ።

«አሜን» አሉ እናቶቹ።

«የወጣችሁበት ደጅ አይዘጋባችሁ። እናታችሁ ሳትሞት ግቡ። ነጋን ገላ፣ በሰላም ግቡ።»

«አሜን» አለ ሜዳው ሁሉ። ሊቀመንበሩ ማይኩን ሲነጥቀው ነው ያፏጨው። ኦራሎቹ ተነሱ። ወንድሜ አልወረደም።

ቤት እንደገባን ጮህኩበት። «ሁለት ቃል እኮ ነው፣ አባባ። ለልጅህ ሁለት ቃል ጠፋህ?»

«የሰው እናት ፊት ቆሜ ልጅሽ ይሙት ልበል?»

«አዎ፣ በል። የኛ እንዲገባ በል።»

እግሩን ዘርግቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

ሊቀመንበሩን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። አሁን አስፋልቱ ዳር ሱቅ ከፍቷል። ሳልፍ «እንዴት ነሽ ልጄ» ይለኛል። ልጄ። አባቴን የቀበርን ቀንም ድንኳን ገብቶ ንፍሮ ዘግኖ በልቷል። ድሮም ሊያወርደው አልነበረም የሚሉኝ አሉ፤ ይሄ እንዲያውም ይብስብኛል። አባቴን መጥላት ግን አቃተኝ፤ መቆጣት ብቻ። ለዓመታት እራቱን ሳቀርብለት ሳህኑን ጓ አድርጌ ነበር የማስቀምጠው።

ደርግ የወደቀ ጊዜ ወታደሩ በእግሩ ይመለስ ጀመር። ጫማ የለው፣ ቀለብ የለው፣ በነቀምት መንገድ እየለመነ ያልፋል። አባቴ በርጩማውን ደጅ አወጣ። አንድ ባለፈ ቁጥር በዚያ በማይታጠፍ ጉልበቱ ግድግዳውን ተደግፎ ይነሳል። «እንኳን ገባህ፣ ልጄ» ይላል፣ ውሃ በጣሳ ይሰጣል። ደግሞ ይቀመጣል። ደግሞ ይነሳል። የወንድሜ ወሬ እንኳ የለም።

አንድ ቀን አልቻልኩም። «አባባ፣ ቁጭ በል በቃ። የኛ የለበትም።»

«ዝም በይ» አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። «የመረቅኳቸው ናቸው።»

ጣሳው ባዶ ነበር። ከእጁ ተቀብዬ ልሞላው ገባሁ።