ከሃምሳ ዓመት በታች መግባት ክልክል ነው

ድሬዳዋ ላይ ሰውዬው ሳጥኑን ሲያሳየኝ የመሰለኝ ሬዲዮ ነበር። ሬዲዮ አይደለም፣ ከጅቡቲ የገባ ጌም ነው አለኝ፤ ቴሌቪዥን ላይ ሲሰኩት ሁለት ታንክ ያዋጋል። እኔ ያን ጊዜ የምነግደው ሽርጥና ሽቶ ነበር፤ አሰበ ተፈሪ ውስጥ ደግሞ ሽርጥ ከሚገዛው የሚሸጠው በዝቶ ነበር። ሰክቶ አሳየኝ። አንዱን ታንክ እኔ ያዝኩ፣ ሌላውን እሱ። ሦስቴ አሸነፈኝ። ለአራተኛው ማንም ሳይለምነኝ ወንበሬን አስጠጋሁ፤ ገበያው የታየኝ ያኔ ነው። ሽቶዬ ያልተስማማው ሰው ተመልሶ ይጣላኛል። እዚህ ግን ደግሞ ልክፈል የሚለው የተሸነፈው ነው።

ሳጥኑን ተምር ጆንያ ውስጥ ቀብሬ እስከ ሚኤሶ በባቡር፣ ከሚኤሶ ሽቅብ በጭነት መኪና አመጣሁት። ኬላው ላይ ፈታሹ ጆንያውን በብረት ዘንግ ወጋ ወጋ አደረገው። ታንኮቹን ሳታቸው።

ዕቃ መግዛት ቀላሉ ነው፤ የሚያስቸግረው ሰው ፊት እስኪቀርብ ያለው ነው። ክፍል ነበረኝ፤ አባቴ ጨው ይሸጡበት የነበረ፣ ፊቱ ወደ ጫት ተራ፣ ጓሮው ወደ መስጊዱ ጠባብ መንገድ የሚከፈት የቀበሌ ቤት። የቀበሌ ቤት ማለት በአንድ ደብዳቤ የሚሰጥ፣ በአንድ ደብዳቤ የሚነጠቅ ማለት ነው። ቴሌቪዥኑን ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረ አስተማሪ ገዛሁ። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ሁለቱም ታንኮች አመድ መስለው ቁጭ አሉ፤ ሰው የራሱን ታንክ ትቶ የሌላውን ሲያይ ይመታል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን የሚያነብልኝ ስላልተገኘ ያሉትን ማብሪያዎች አንድ በአንድ ገፋሁ፤ አንዷ ትንሽዬ አንዱን ታንክ አነጣችው፣ ሌላውን አጠቆረችው። ታንኮቹ ከሚነዱባቸው ሁለት ዱላዎች የአንደኛው ጎማ ተቀዶ ነበር። ጫማ ሰፊው ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጦ አዲስ አለበሰልኝ፤ ከድሮው ይልቅ ጠነከረ።

ለሙከራ የጠራሁት የጫት ነጋዴዎችን ነው፤ ከምሳ በኋላ ጫት የሚቅሙበትን በርጫቸውን እኔ ዘንድ እንዲያደርጉ። ምርቃና ላይ ያለ ሰው የማያየው ጉድለት የለም። አንዱ ግድግዳ ሥር ተደብቆ ጨዋታው እስኪያልቅ ከማይወጣ ታንክ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ተጣላ፤ ስለዚህ የተደበቀ እንደተሸነፈ ይቆጠራል የሚል ሕግ አወጣሁ። ሌላው ምስሉ በየመሐሉ ለምን እንደሚጠብ ሲመረምር ቆይቶ፣ ጎረቤታችን ያለው ወፍጮ ሲነሳ መሆኑን ደረሰበት። የወፍጮው ባለቤት ቤተ ክርስቲያን የማያጓድሉ ሽማግሌ ነበሩ። በምከፍትበት ቀን ከሰዓት ወፍጮውን እንዲያቆሙልኝ ለመንኳቸው። የሰው እህል ቆሞ ያንቺ ታንክ ይሂድ ወይ ብለው ተቆጡ። አንድ ዙር አጫወትኳቸው። እሺ አሉ።

ወሬውን ያሰራጨሁት ራሴ ነኝ። ወደ ገለምሶና መሰላ ለሚሄዱት ሾፌሮች፣ ለጫት ሻጮቹ ሴቶች፣ ኳስ ለሚያዘወትሩት ልጆች፣ ወጣት ላለበት ቦታ ሁሉ ነገርኩ። ከመሰላ ድረስ የመጡ ሁለት ጎረምሶች መስኮቴ ላይ ተለጥፈው ዋሉ። መቼ ነው የምትከፍቺው ብለው ሲያደርቁኝ፣ ፈቃድ ልያዝና እነግራችኋለሁ፣ ያላችሁትን ጓደኛ ሁሉ ይዛችሁ ትመጣላችሁ አልኳቸው።

የቀረኝ ያ ፈቃድ ነበር። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሦስት ጊዜ መለሰኝ። በመጀመሪያው መጥቶ አየና የእኛ ታንክ የትኛው ነው ብሎ ጠየቀኝ። ያሸነፈው ነው አልኩት። መልሱን አልወደደውም። በሁለተኛው የውጭ ሸቀጥ ወጣቱን ያደነዝዛል አለኝ። በሦስተኛው ማመልከቻዬን ሳያነብ መለሰልኝ። አራተኛ አልሄድኩም። እሱ ነው የላከልኝ፤ ማኅተም የተመታበት፣ ለሕዝብ መዝናኛ ተብሎ የተፈቀደ ወረቀት፣ በአብዮት ጥበቃ እጅ፣ ቤቴ ድረስ።

ወዲያው ራሱም መጣ። ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ይከፈት፣ ለወጣቱ በደንብ ይነገር፣ የጓሮው በር ደግሞ ለጸጥታ ሲባል በሚስማር ይመታ አለኝ። ክፍሉን ከጥግ እስከ ጥግ በዓይኑ ለካው።

"ስንት ወጣት ይይዛል?" አለኝ።

ይህን ሁሉ ዘመን ስነግድ ሳይከራከር ዕቃዬን የገዛን ሰው አምኜ አላውቅም። ወይ ገንዘቡ የእሱ አይደለም፣ ወይ ዕቃው ውስጥ እኔ ያላየሁትን አይቷል። በዚያው ሳምንት ከገለምሶ የመጡ ነጋዴዎች፣ አንድ ኳስ ሜዳ ተከቦ ተጫዋቹም ተመልካቹም በአንድ መኪና ለውትድርና መጫኑን አውርተዋል። የእኛም ቀበሌ የሚያሟላው ኮታ ነበረበት። ወጣቱ በየገጠሩ ዘመድ ቤት ተበትኖ አልያዝ ብሎ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሰብስቤ፣ አንድ በር ያለው ክፍል ውስጥ አስቀምጬ፣ ሰዓቱን ነግሬ ላስረክበው ነው። ከመሰላ የመጡት ሁለቱ ትዝ አሉኝ። ጓደኞቻችሁን ይዛችሁ ኑ ያልኳቸው እኔ ነኝ።

አልከፍትም ብል ቤቱን እነጠቃለሁ፤ እሱስ ይሁን። ግን ወሬው አንዴ ወጥቷል። ብዘጋውም ልጆቹ ሐሙስ ደጄ ላይ መሰብሰባቸው አይቀርም፤ ሰው ለመጫን ደግሞ የተከፈተ ቤት አያስፈልግም። ስለዚህ ጌሙ መከፈት ነበረበት፤ ወጣት ግን ድርሽ እንዳይል ሆኖ።

የአባቴ የንግድ ጓደኛ ወደነበሩት፣ ሰባ ወዳለፋቸው ሐጂ ሄድኩ።

"ሐጂ፣ ታንክ ይነዳሉ?" አልኳቸው።

"ግመል ነድቻለሁ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ታንክ እንደ ግመል ይነክሳል?"

ነገሩን ከሥሩ ነገርኳቸው። መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ስንት ሽማግሌ እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ክፍሉ የሚይዘውን ያህል አልኩ።

ሦስት ቀን አሠለጠንኳቸው። እንደዚያ ያለ ሠራዊት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። አንዱ ከመተኮሳቸው በፊት ቢስሚላሂ ብለው ሳይጨርሱ ይመታሉ። ሌላው ሰውን ከኋላ መምታት ነውር ነው ብለው ተቃራኒያቸው እስኪዞር ይጠብቃሉ። የወፍጮው ባለቤት በመቱ ቁጥር ሐጂን ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ሐጂ ይቅር ብያለሁ ይሉና ወዲያው ይመቷቸዋል። ሕጉን ግን ከጫት ነጋዴዎቹ ይልቅ ያከበሩት እነሱ ናቸው። ግድግዳ ሥር የተደበቀ አንድም አልነበረም።

ማክሰኞ ዕለት ሰሌዳ አጻፍኩ። ከሃምሳ ዓመት በታች መግባት ክልክል ነው፤ በቀይ ቀለም፣ በትልልቁ። ለማያነበው ጫት ሻጮቹ ሴቶች በአማርኛም በኦሮምኛም አዳረሱት፤ ሾፌሮቹ መሰላና ገለምሶ አደረሱት። ምክንያቱን ከሽማግሌዎቹ በቀር ለማንም አልተነፈስኩም፤ በዚያ ጊዜ ወሬ ወዴት ወዴት እንደሚገባ አውቃለሁ። ወጣቱ ወረደብኝ። የሰፈራችን አንድ ጎረምሳ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣና፣ "አክስቴ፣ ለጃጀ ሰው ጌም? አቦ አንቺም አብረሽ ጃጅተሻል" አለኝ። ተሳሳቁ። ይሳቁ። የተናደደብኝ ሰው ሐሙስ ደጄን አይረግጥም። እናቱ ግን በማግስቱ ከገበያ ስትመለስ ሰሌዳው ሥር ቆመች፣ አነበበችው፣ በተከፈተው በር አሻግራ ሚስማር ወደተመታበት የጓሮ በር አየች፣ ጉንጬን ሳመችኝና ሄደች።

ሐሙስ ወፍጮው ቆመ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ክፍሉ ሞላ። በርጫ የሚያደርገው ጫቱን ይዞ፣ የማያደርገው ከዘራውን ይዞ ከተፍ አለ። በአናጢ ያሠራሁት ሁለት አግዳሚ ወንበር አልበቃ ብሎ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አነጠፍን። ከውጭ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሸራ የለበሰ መኪና ቆሟል። አይቼዋለሁ፤ እንዳላየ ሆንኩ።

ሊቀመንበሩ አራት የአብዮት ጥበቃዎች አስከትሎ መጣና በሩ ላይ ቆሞ ውስጡን ቃኘ። ጥምጣም፣ ኮፍያ፣ ሽበት። ከፊት ሐጂና የወፍጮው ባለቤት ተፋጠዋል።

"ወጣቱስ?" አለኝ።

"አልተፈቀደለትም፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"እኔ የፈቀድኩት ለወጣት ነው።"

"ወረቀቱ ለሕዝብ መዝናኛ ነው የሚለው። እነዚህ ሕዝብ ካልሆኑ ይጻፉልኝና ግድግዳው ላይ ልለጥፈው።"

ዘወር በይ ብሎ ሊገባ እግሩን ሲያነሳ ክንዴን በሩ ላይ ዘረጋሁ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩት፤ "ሃምሳ ሞልቶዎታል?"

ከውስጥ የሆነ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሊቀመንበሩ አርባ መሙላቱንም እጠራጠራለሁ። ሐጂ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ ተናገሩ።

"ልጄ፣ ኮታ ጎድሎብህ ከሆነ እኛን ጫነን። ታንክ መንዳት ለምደናል። መኪናው ላይ የሚያወጣን ሰው ብቻ ፈልግልን።"

የወፍጮው ባለቤት እኔ መሰላል አለኝ አሉ።

ኮታ የሚለውን ቃል እስከዚያች ደቂቃ ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አልተናገረውም ነበር። አሁን ክፍሉ ሙሉ ሰው ሰማው፤ ጫት ተራም ሰማው። ከአራቱ ጥበቃዎች አንደኛው ምንጣፉ ላይ ከተቀመጡት የአንዱ ልጅ ነበር፤ አባቱ ሲያዩት አንገቱን ደፋ። ሊቀመንበሩ ጥበቃዎቹን በእጁ ጠርቶ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ መኪናው ሲነሳ ሰማን። ሐጂ ድምፁን ሲያዳምጡ ተመቱና ተሸነፉ፤ ሌላ ዙር ካልሰጣችሁኝ አልነሳም አሉ።

አሳምሬ እንዳልጨርሰው፣ መኪናው በዚያ ሳምንት ባዶ አልቀረም። በሌላ ሰፈር ሞላ። እዚያ ቀድሞ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ይህን ሳልናገር ስለዚያ ቀን ማውራት አልወድም።

ዓርብ ጠዋት ቤቱ ታሸገ፤ ምክንያቱ ሕዝብን በዕድሜ መከፋፈል ነው ተባለ። ቁልፉን ስሰጠው ጥበቃው ሳጥኑንም አምጪ አለኝ። ደብዳቤህ ሳጥን የሚል ከሆነ አሳየኝ አልኩት። አይልም። ሳጥኑን ብብቴ ሥር አድርጌ፣ ቴሌቪዥኑን በጋሪ አስጭኜ፣ ጫት ተራን መሐል ለመሐል አቋርጬ ሄድኩ። ከኋላ መንገድ ነበር፤ አልፈለግሁትም።

የወፍጮው ባለቤት ጓዳቸውን ለቀቁልኝ። ሁለት በር ነበረው፤ ሁለቱንም ክፍት አደረግሁ። ወጣቱ ሁለት ሁለት እየሆነ ይመጣል፤ በአንድ ጊዜ ከአራት ሰው በላይ አላስገባም፣ ውጭ ተሰልፎ የሚጠብቅም አልፈልግም። ያ ጃጅተሻል ያለኝም መጣ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም፤ ጨዋታው ላይ ግን አልማርኩትም። ወፍጮው በተነሳ ቁጥር ታንኮቹ ይጠባሉ፤ ማንም አላማረረም። ፈቃድ ከዚያ ወዲህ ማንንም ጠይቄ አላውቅም።