የጀማል ምራቂ

ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽ ወንድሜ ይመጣል። ሌላው ሰው የሞተበትን በልብሱ ወይም በሚወደው ዘፈን ያስታውሰው ይሆናል፣ እኔ ግን ጀማልን የማስታውሰው በጥርስ ሳሙና ሽታ ነው፣ ምክንያቱም እኛ ቤት የጥርስ ሳሙና ከጥርስ ይልቅ ለሲዲ ነበር የሚገዛው። የተቧጨረ ሲዲ ሲመለስለት በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ ሳሙናውን ጥጥ ላይ ጨምቆ፣ ቀስ እያደረገ ያሸው ነበር። «እንዳታዞረው ኑሬ፣ ከመሃል ወደ ዳር ነው» ይለኝ ነበር። አጥቦ ሲጨርስ ወደ ፀሐይ ቀና ያደርገዋል፣ ግድግዳው ላይ ቀስተ ደመና ይወጣል፣ እናታችንም ከውስጥ ሆና «እናንተ ልጆች፣ የፊልሙ ጥርስ ነጣ፣ የእናንተስ?» ትለን ነበር።

ጀማል በዕድሜ ብዙ ይበልጠኝ ነበር። እኔ ገና ፊደል ስቆጥር እሱ መርሳ ላይ፣ አውቶቡሶች ለምሳ ከሚቆሙበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አስፋልቱ ዳር ፊልም የሚያከራይ ቤት ከፍቶ ነበር። አንድ በር፣ አንድ ባንኮኒ፣ ከዚያ ግድግዳው በሙሉ ሲዲ። ያኔ በስልክ ፊልም አይታይም፣ ፊልም ያማረው ሰው ሲዲ ተከራይቶ፣ ማጫወቻ ዴክ ካለው በዴኩ ያያል፣ ከሌለው ደግሞ ዴክ ያለው ጎረቤት ጋ ቤተሰቡን ይዞ ይሄድ ነበር።

ደንበኛ ገብቶ «ጀማል፣ እስቲ ደህና ፊልም ምረጥልኝ» ሲለው፣ ጀማል ወደ ግድግዳው አይዞርም። መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቤት ማን ማን አለ?» ብሎ ነበር። ከደጋ የመጣ እንግዳ ይኖር እንደሆነ፣ የታመመ ይኖር እንደሆነ፣ ባልና ሚስት ተኳርፈው እንደሆነ ሳይሰማ ሲዲ አያነሳም። «ፊልም የሚመረጠው ለተከራዩ አይደለም፣ ለቤቱ ነው» ይል ነበር።

ደግሞ ምራቂ ነበረችው። ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ እፍኝ እንደምትጨምር ሁሉ፣ ጀማልም ሰው ሁሉ በሚያውቀው ፊልም ላይ ማንም ጠይቆት የማያውቀውን አንድ ፊልም ይጨምር ነበር። «የማይሄደውን እኮ ነው የምትጭንብን!» ይሉታል። «እዩትና ከዚያ ስደቡኝ» ይላል። አንዳንዱ እውነትም አይቶ ይሰድበው ነበር።

ክረምት የጀማል ጊዜ ነበር። ዝናቡ ሲወርድ፣ ጭቃው ሰውን ከቤት ሲያግተው፣ ረጃጅሞቹ ፊልሞች ከግድግዳው ይወርዱ ነበር። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሲዲው ዴኩ ውስጥ ይቀራል፣ ተከራዩም ባዶ እጁን መጥቶ «መብራት ይምጣና ዴኳ ትወልደዋለች» ይል ነበር።

በአንዱ ክረምት ነው፣ ጎረቤታችን አባ ሙሄ፣ ከወንዙ ማዶ የማንጎ አትክልት የነበራቸው ሽማግሌ፣ ዴካቸውን በጆንያ ጠቅልለው በዝናብ የመጡት። ከዚያ በፊት የወሰዱት ምራቂ ጥቁርና ነጭ የሆነ፣ ንግግር የሌለው፣ በጣም ያረጀ ፊልም ነበር፤ አንድ ረጅም አስተናጋጅ አንድ ሳህን ሾርባ ሳያፈስ ከእንግዳው ዘንድ ለማድረስ ሲታገል ነው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው።

«ጀማል፣ ይኸ ፊልምህ የዴኬን ድምፅ ይዞት ሄደ!» አሉ ገና ከበሩ።

«አባ ሙሄ፣ ፊልሙ እኮ ድሮውንም ድምፅ የለውም።»

«ታዲያ አፋቸውን የሚያንቀሳቅሱት ምን ሊሆኑ ነው?»

«ያወራሉ፣ ግን ያኔ ድምፅ መቅጃው አልነበረም።»

«ካልተቀዳ ዝም አይሉም ነበር?»

ጀማል ሳቁን ውጦ «እስከ መጨረሻው አዩት ወይ?» አላቸው።

«እንዴታ! ሾርባውን ሳያደርስ የት ትቼው እሄዳለሁ?»

ከዚያ በኋላ አፋር ወዳጆቻቸው ለገበያ መጥተው ቤታቸው ባረፉ ቁጥር አባ ሙሄ «ያን ዝምተኛውን ስጠኝ፣ እንግዶቼ አማርኛ አይሰሙም» እያሉ ይመጡ ነበር። ከግድግዳችን ላይ በጥርስ ሳሙና ብዛት ስሙ የጠፋው ሲዲ እሱ ነበር።

ክረምቱ አልፎ ማሽላው ሲያሸት ሰው ሁሉ ወፍ ጥበቃ ማሳ ላይ ይውላል፣ ቤት የሚቀሩት አራሶችና አቅመ ደካሞች ናቸው። ጀማልም «አራስ ቤት የሚሮጥ ፊልም አይገባም» ብሎ የሚያዘግሙትን ይመርጥ ነበር። ከእነዚያ አንዱ፣ እኔ ከታወቁትም ካልታወቁትም አስበልጬ የምወደው፣ ቤቱን ጎርፍ የወሰደበት ሽማግሌ የተረፈችውን አንዲት በር ተሸክሞ አገር ላገር የሚዞርበት ፊልም ነው። የመሸበት ሜዳ ላይ በሩን ያቆመዋል፣ ከኋላው ይተኛል። ሰዎች መጀመሪያ ይስቁበታል። እየቆዩ ግን ሊያነጋግሩት ሲፈልጉ፣ ዙሪያው ሁሉ ሜዳ ሆኖ ሳለ፣ መጥተው በሩን ያንኳኳሉ። ሌላ ምንም የለውም ፊልሙ። እትዬ ብርቄ፣ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ክርስቲያን ጎረቤታችን፣ ታናሿ ልጃቸው ወልዳ ሲያርሷት ይህን ፊልም አይተው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኛ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ እንኳ መቃኑን ሳያንኳኩ አይገቡም ነበር። እናቴ «ብርቄ፣ ምን ሆንሽ? ይግቡ የሚልሽ እስኪመጣ ነው?» ስትላቸው «ተይኝ፣ ጀማል ያስተማረኝ ነው» ይሉ ነበር።

በጋው ገፍቶ ማንጎ ሲበስል፣ ጣታችን ሁሉ ቢጫ ሲሆን፣ ያ የህንድ ፊልም መጣ። ጀማል ከወልድያ ነበር ያመጣው። ሁለት ሲዲ ነው፣ ክፍል አንድና ክፍል ሁለት። መርሳ ላይ ያላየው ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል፣ ግን ያየው ግማሹን ነው። ምክንያቱም አንድ ተከራይ ክፍል ሁለትን ማንጎ ነክቶት ስላገኘው በውኃ አጠበውና እንዲደርቅለት በርበሬ ከተሰጣበት ቆርቆሮ ላይ አሰጣው። የመርሳን ፀሐይ ደግሞ ታውቃላችሁ። ሲመለስ እንደ ቂጣ ተጣሞ ነበር። ጀማል ሌላ ፍለጋ ወልድያም ደሴም ወጣ፣ አላገኘም።

ታሪኩ ይህ ነው፦ አንዲት እናት ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ባቡር ጣቢያ ትመጣለች፣ በግርግሩ ታላቁ ይጠፋባታል። እናቴ እዚህ ላይ ሁልጊዜ «እነዚህ ህንዶች ልጆቻቸውን እጅ አይዙም እንዴ!» ትል ነበር። እናቲቱ በልቅሶ ዓይኗ ይጠፋል፣ ያው ጣቢያ በር ላይ ተቀምጣ አምባር ትሸጣለች። ከብዙ ዘመን በኋላ ታላቁ ጎልማሳ ሆኖ፣ እናቱ መሆኗን ሳያውቅ፣ አምባር ሊገዛ ከፊቷ ይቆማል። እጁን ይዘረጋል። እሷ ትይዘዋለች፣ በጣቶቿ ትዳስሰዋለች፣ ፊቷ ይለወጣል፣ ልትናገር አፏን ትከፍታለች... ከዚያ ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ይሆናል። ክፍል አንድ አለቀ።

ሌላ አከራይ ቢሆን ሲዲውን ይጥለው ነበር። ጀማል ግን ማከራየቱን ቀጠለ። «ክፍል ሁለት የታለ?» ሲሉት «ክፍል ሁለት እኔ ነኝ» ይላል፣ ፊልሙ ባለቀ ማግስት በየቤታቸው እየሄደ የቀረውን ይተርክላቸው ነበር። እኔ ልከተለው ስል «አንተ ካየኸኝ አፌ ይያዛል» ብሎ ይመልሰኛል። የእሱ አፍ ሲያዝ አይቼ አላውቅም። የሚያዘው የእኔ ነው፤ አንዱን ነገር እጀምርና መሃል ላይ እቆማለሁ፣ እስካሁንም እንዲሁ ነኝ። ለእናታችንም ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጦ ይነግራት ነበር፣ እኔ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁልጊዜ ምስሩም ወሬውም ተነስቶ ይጠብቀኝ ነበር።

ከዚያ ጊዜው ተለወጠ። ፍላሽ መጣ፣ ስልኩ ሁሉ ፊልም ማሳየት ጀመረ፣ ግድግዳው ላይ የነበሩት ሲዲዎች ወደ ካርቶን ገቡ። ጀማልም እዚያው ቤት ውስጥ ስልክ መጠገንና ፊልም መጫን ያዘ። እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ሲሪንቃ የእርሻ ሥራ ላይ ገባሁ። ባለፈው ዓመት ጀማል ታመመ። ሕመሙ አጭር ነበር። ስለሱ ከዚህ በላይ መጻፍ... ይብቃኝ።

ድንኳን ተጣለ። እናቴ በገዛ እጇ ሻርፗን ቴሌቪዥኑ ላይ ጣል አደረገችና ከዚያ ወዲያ ዝም አለች። ምግብ ሲሰጧት ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ሲሏት ራሷን ትነቀንቃለች እንጂ ድምፅ አልነበራትም። እኔ የፈራሁት እሱን ነበር፤ ከጀማል ጋር የእናቴም ድምፅ የሄደ መስሎኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት አባ ሙሄ፣ ዝምታው ቢከብዳቸው ይመስለኛል፣ ስለ ጀማል ወሬ አነሱ። «ያችን ዓይነ ስውር ሲተርክልኝ እኮ... ልጁ ከአረብ አገር ተመልሶ፣ እጁ ላይ ባለችው ጠባሳ ስታውቀው፣ ማንጎውን አብረው ሲተክሉ...»

«የምን አረብ አገር ነው አባ ሙሄ?» አሉ እትዬ ብርቄ። «ሠርጉን ዘነጉት እንዴ? አምባሩን የገዛው ለሙሽራይቱ አይደል? ያች ሁሉ ሰው ቆማ ቀረች ያላት ልጅ!»

«ሠርግ? ሠርግ የለውም!»

«ኧረ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል» አለ ልብስ ሰፊው ሰይድ። «ታላቅና ታናሽ በድንበር ተጣልተው፣ እናቲቱ ናት እጃቸውን ያያያዘችው። እኔ ከወንድሜ ጋር የታረቅኩት በዚያ ፊልም አይደል?»

ተያዩ። ጀማል ይተርክ በነበረበት ጊዜ የአባ ሙሄ ልጅ አረብ አገር ሄዶ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። የእትዬ ብርቄ ትልቋ ልጅ ትዳር ዘግይቶባት ነበር። ሰይድ ከወንድሙ ጋር ሰላምታ አልነበረውም። አባ ሙሄ ቀድመው ገባቸውና መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው «ይኸ ልጅ! እያንዳንዳችንን በየቤታችን ነው የሰፈረልን!» ብለው ሳቁ። ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ነገሩ ትዝ ብሏቸው ሁሉም በድንጋጤ ወደ እናቴ ዞሩ።

እናቴ ቀና ብላ ነበር። «ለእኔማ አልጨረሰልኝም» አለች። ድምፅዋ ሻክሯል። «ጨርሰው ስለው ‹ካለቀ ጠርተሽ አታስቀምጪኝም› ይለኝ ነበር። ያች ሴት እጁን እንደያዘችው ቀረች።»

ከዚያ ወዲህ መናገሩን ትናገራለች፣ ሻርፑ ግን አልተነሳም። ክረምቱ አለፈ፣ ማሽላው ታጨደ፣ ቴሌቪዥኑ እንደተሸፈነ ነበር። ዘንድሮ ማንጎ ሲበስል ካርቶኑን ከፈትኩና ያንን ክፍል አንድ አወጣሁት። በረንዳው ላይ ተቀምጬ በጥጥ፣ ከመሃል ወደ ዳር ማሸት ጀመርኩ። ሽታው ወደ ውስጥ ገብቶ መሆን አለበት፣ እናቴ በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«የፊልሙን... የፊልሙን ጥርስ እያጠብኩ።»

«የአንተስ ነጥቷል?» አለች፣ ገብታም ሻርፑን ራሷ አነሳችው። የቴሌቪዥኑን አቧራ በዚያው ሻርፕ ጠረገችው።

«ቤት ማን ማን አለ?» አልኳት።

«እኔና አንተ። ሌላ ማን አለ ብለህ ነው?»

አየነው፣ እሷ ምስር እየለቀመች። ፊልሙ ጣቢያው ጋ ሲደርስ እናቴ «እጁን አይዙም እንዴ!» አለች፣ እንደ ድሮው። እናቲቱ እጁን ያዘች፣ ዳሰሰች፣ አፏን ከፈተች፣ ሰማያዊው መጣ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«እህስ፣ ኑሬ?»

«እጁን... እጁን ይዛ...» ብዬ ቆምኩ።

«ቀስ በል፣ የትም አልሄድም» አለች።

«አወቀችው። ገና ስትነካው ነው ያወቀችው። ግን... ግን አልነገረችውም። ከነገረችው እንዳይደነግጥ፣ እንዳይሸሽ ፈርታ። አምባሩ ጠቦኛል ቢል ነገ ይመጣል፣ ሰፍቶኛል ቢል ይመጣል። እሷም ሆን ብላ... ልኩ ያልሆነውን ሰጠችው።»

እናቴ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «እሱ ነው የነገረህ?»

«አይ። እኔ ነኝ።»

ወደ ምስሯ ተመለሰች፣ ሰፌዱንም ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ታዲያ በነጋታው መጣ ወይ?» አለችኝ።

አሁን ከእርሻው ሥራ ስመለስ የጀማል ቦታ ላይ ተቀምጬ ፊልም እጭናለሁ። ፊልም ምረጥልኝ የሚለኝን ሰው ሁሉ ቤት ማን ማን እንዳለ እጠይቀዋለሁ፣ ብዙው ግን «በስልኬ ነው፣ ብቻዬን ነው የማየው» ይለኛል። እኔም የጠየቀውን የታወቀ ፊልም እጭንለትና ከላዩ ላይ ወይ ዝምተኛውን፣ ወይ ባለ በሩን ሽማግሌ ምራቂ እጨምርለታለሁ፣ «ይቺን ግን ከሰው ጋር እያት» እለዋለሁ። ድሮ ፊልሙ ግማሽ ነበር፣ ቤቱ ሙሉ ነበር። ዛሬ ፊልሙ ሁሉ ሙሉ ነው። ያም የህንድ ፊልም ክፍል ሁለቱ በፍላሽ ተገኝቶ እጄ ላይ አለ፣ አልከፈትኩትም። እኛ ቤት ያች ሴት እስካሁን ጣቢያው በር ላይ ተቀምጣ አምባር ትሸጣለች፣ ልጇም ሁልጊዜ ልኩ ያልሆነውን እየገዛ፣ በነጋታው ይመለሳል።