ስም ያልተጻፈበት ድምፅ

አሕመድኑር መካነ ሰላም ቁጭ ብሎ የአዲስ አበባ ሥራ የሚሠራ ልጅ ነው። ጎረቤቱ ግን አያምነውም። «ቀኑን ሙሉ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጦ ደመወዝ የሚበላ!» እያሉ ይስቁበታል። ሥራው ሳቅ አይደለም። ድርጅቱ ክላስተር የሚሉት ነገር አለው፤ ብዙ ኮምፒውተሮች እንደ ደቦ ተጋግዘው የሚሠሩበት ነው። ፕሮግራሞቹ በየኮንቴይነራቸው ታሽገው እዚያ ላይ ይኖራሉ፤ እሱ ደግሞ ትዕዛዝ እየጻፈ ይጠብቃቸዋል።

ከክላስተሩ ጥግ ላይ፣ የያኔው አለቃው በእውቀቱ ፈቅዶለት፣ የራሱን ትንሽ ፕሮግራም አስቀምጦ ነበር። ዓረብ አገር ያሉ ልጆች የላኩትን የድምፅ መልእክት ታኖራለች፤ እናት ስትደውል የልጇን ድምፅ ታሰማለች። ስልክ ቢሰበር ድምፁ እንዳይጠፋ ብሎ ነው። በእውቀቱ ሥራ ከለቀቀ ወዲህ ማን እንደሠራት የሚያውቅ የለም። «ሰደቃ ስም ከተጻፈበት ለይታይልኝ ነው» ይሉ ነበር አባቱ። ስለዚህ ፕሮግራሟ ላይ «ባለቤት» የሚለውን ቦታ ባዶ ተወው። ወይ የወሎ ልጅ!

የጎረቤቱ የእትዬ ሀጀራ ልጅ ኡምኩልሱም ዓረብ አገር ሞታ እዚያው ተቀብራለች። እናት አፈሯን እንኳ አላዩም። የቀረችላቸው ያቺ ድምፅ ናት፦ «እማ፣ አይዞሽ፣ ለአረፋ እመጣለሁ።» በገበያ ቀን እህላቸውን ሸጠው ሲመለሱ ከአሕመድኑር ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይደውላሉ። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ይህን ያቆየልኝን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አላህ ዕድሜውን ያርዝመው!» ይላሉ። እሱ በመስኮት ይሰማና አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል።

ታዲያ አዲሱ አለቃ ትዕዛዝ ሰደደ። ክላስተሩ በአሮጌ ፕሮግራም ታጭቋል፤ የባለቤት ስም የሌለው ሁሉ ይጽዳ። ጥንቃቄውን አሕመድኑር አያጣውም፤ ጀማሪዎችን የሚያስተምረው እሱ አይደል? «መጀመሪያ ምን እንደምታጠፋ አሳየኝ በለው፤ አንብበው፤ ከዚያ አጥፋ» ይላቸዋል። ያን ቀን ግን መብራቱ ይርገበገብ ጀመር። ሳይሄድበት ሊጨርስ ተጣደፈና ማየቱን ዘለለው። ባለቤት የሌለውን ሁሉ፣ ከነማከማቻው፣ ደምስስ ብሎ አዘዘ። የፕሮግራሞቹ ስም ስክሪኑ ላይ ግር ብሎ ሲያልፍ፣ ባለቤቷን ባዶ መተዉን የረሳትን የራሱን ፕሮግራም ከመሀላቸው አየ። ጮኸ። ለማን ይጩህ? መጠባበቂያ ቅጂም ቢሆን የሚቀመጠው ባለቤት ላለው ብቻ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ለእሱ ግን የሚለቀምም አልተረፈለት። መብራቱ ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ ሳይጠፋ ዋለ።

በገበያው ቀን እትዬ ሀጀራ ደወሉ። ደገሙ። ከዚያ በሩን አንኳኩ።

«አሕመድኑሬ፣ ልጄ፣ ኡምኩልሱም ዛሬ አልናገር አለችኝ። እስቲ እየው።»

ስልኩን ተቀበላቸው። «ጠፍቷል፣ እትዬ።»

«አዎ፣ ኔትወርኩ ሁልጊዜ እንደጠፋ ነው። መቼ ይመለሳል?»

«አይመለስም።»

«አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ። ባለቤቱን ፈልግልኝ። እግሩ ላይ ወድቄ እለምነዋለሁ።»

ያኔ ስሙን የደበቀው ለአላህ ብሎ ነበር። አሁን፣ ይሄ ፈሪ፣ ለራሱ ብሎ ደበቀው።

«ባለቤት የለውም፣ እትዬ።»

«እንዴት የለውም? እኔ በየሶላቴ ዱዓ የማደርገው ታዲያ ለማን ነው?»

አሕመድኑር ስልኩን ዘረጋላቸው። እሳቸው ስልካቸውን ተቀብለው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ድንጋያቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። እንደገና ደወሉ።