ቢምቢ ቀንሶባት የተገመገመችው ሴትዮ

እትዬ ቢምቢ ነው የምንላት። የወባ ጥናት ተቋም ላብራቶሪ ሠራተኛ ናት፤ እኔ ደግሞ ሹፌሯ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየሰው ቤት ጣሪያ ሥር ወጥመድ እየሰቀለች፣ የገባውን ቢምቢ በጠዋት ትቆጥራለች። እኔም ሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሰውዬ፣ ከሷ ጋር ስዞር ወንዱ ቢምቢ እንደማይነክስ አወቅሁ። ለሚስቴ ብነግራት "እንዳንተ ሥራ ፈት ነዋ" አለችኝ።

ከሥራ ስትወጣ ፌስቡክ ላይ ትጽፋለች። የትኛው ሰፈር ስንት ቢምቢ እንዳለ፣ የት ውሃ እንደተኛ። ሰዉ ያነባል፣ ይሳደባል፣ ግን በርሜሉን ይከድናል፣ አሮጌ ጎማውን ይጥላል። ዘንድሮ ወጥመዱ ባዶ ባዶውን ይመጣ ጀመር። አምና ዘጠኝ መቶ፣ ዘንድሮ ሁለት መቶ። ደስ ብሎኝ መንገድ ላይ ጥሩምባ ነፋሁ።

ግምገማ መጣ። አዲሱ ፖሊሲ "በጀት በውጤት" ነው አሉ። የዕቅድ ኃላፊው ወረቀቱን ገልጦ፣

"እህቴ፣ አፈጻጸምሽ ሰባ ስምንት በመቶ ወርዷል።"

"ጌታዬ፣ የወረደው ቢምቢው ነው።"

"ቅጹ 'የተያዘ ቢምቢ ብዛት' ነው የሚለው።"

"ልጆቹ እኮ በወባ አልታመሙም!"

"እሱ የሌላ መሥሪያ ቤት ዓምድ ነው።"

ሰው የሳቀ መሰላችሁ? ሁሉም አንገቱን ደፋ። ከዚያ ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ረግረጉ ጋ ሂጂና ያዢ፤ ቁጥሩን ሙዪልንና እንገላገል። ካልሆነ ጥናቱ ይዘጋል" አላት።

"አስራ ዘጠኝ ዓመት የለፋሁበትን ቁጥር በአንድ ቀን ውሸት ላበላሸው? አላደርገውም።"

ተዘጋ። በጀቱም ስለ ቢምቢ ግንዛቤ ለማስጨበጥ ተብሎ ለሆቴል ስብሰባ ዋለ። ቢምቢው ራሱ ቢሰማ ያፍር ነበር!

ወጥመዶቹን ልንሰበስብ ወጣን። ሦስተኛው ቤት ያሉት አሮጊት በሩ ላይ ቆመው "አልሰጥም" አሉ።

"እማማ፣ የመንግሥት ዕቃ ነው" አልኩ እኔ፣ አፌን ይቁረጠውና።

"አንተ ዝም ብለህ መኪናህን ንዳ! አንቺ ልጄ፣ እኔ ቆጥሬ በስልክ እነግርሻለሁ፤ አንቺ ጻፊው።"

እትዬ ቢምቢ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አቆጣጠሩን ልታሳያቸው ወጥመዱን ፈታታችው።

"እንግዲያው እማማ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ይነሱ። ጉንዳን ቀድሞ ከበላው ቁጥሩ ይዋሻል" አለቻቸው።