ሥራ የፈታ ዲስክ

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ያንን ሃርድ ዲስክ በፌስታል አንጠልጥሎ ሲመጣ ከአፌ መጀመሪያ የወጣው ስድብ ነው። «አንተ ሰውዬ፣ የአገሩን ሠርግና ክርስትና ሁሉ ያጠራቀምክበትን ነገር እንደ ሽንኩርት በፌስታል ታንጠለጥላለህ?» አልኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አያጣም ነበር። አሁን ግን በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ ቀና ብል ከኋላው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ፣ ፀጉራቸውን የተላጩ ሴት ቆመዋል። አፍሬ ወንበር ሳብኩላቸው።

ሞላሌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ጊዜው ክረምት ነበር፤ ትምህርት ተዘግቷል፣ ጉሙ ከመስኮቱ አይነቃነቅም። ነፋስ ምሰሶ ጥሎ የከተማው መብራት ከጠፋ ሰነባብቷል። እኔ ክፍል ግን ሶላር አለ፤ ፀሐይ ባያይም ባትሪው ጥቂት ጥቂት ይይዛል። የመጡትም ለዚሁ ነው።

ሴትዮዋ ከቀየት በኩል ናቸው። ልጃቸው በባሕር ወደ ዐረብ አገር ሲሻገር ጀልባው ተገለበጠ። የተረፈ ጓደኛው ደወለ፣ ሽማግሌዎች መርዶውን ነገሯቸው፣ ለቅሶው ለመጪው እሑድ ተባለ። ሬሳ የለም። በእኛ አገር ሬሳ ሲጠፋ መሐል ላይ የሚቆም ነገር ያስፈልጋል፤ ልብሱ፣ ጠመንጃው፣ ፎቶው። ሰው ያንን እያየ ነው የሚያለቅሰው። ልጁ ደግ ልብሱን ለብሶ ሄዷል። ፎቶዎቹ ሁሉ ስልኩ ውስጥ ነበሩ፣ ስልኩም አብሮት ሰጠመ። የቀረው የስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ፈተና ጉርድ ፎቶ ነው። እሱንም አውጥተው አሳዩኝ።

«ይሄ ሕፃን ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔ የማለቅሰው ጢም ላወጣው ነው።»

ልጁ ራቤል ከተማ ላይ የጓደኛው ሚዜ ሆኖ ነበር። እሳቸው ያኔ ታመው ሠርጉን አላዩም። ቪዲዮውን ያነሣው ይሄው የፎቶ ቤቱ ባለቤት ነው። ሙሽሮቹ ግን አልበም ሳያዙ፣ ቪዲዮውም ሳይቀናበር ተፋቱ፤ የሚወስደው ሰው ጠፍቶ እንደተነሣ እዚያው ዲስክ ላይ ቀረ። ቅጂ የለውም።

«ፋይሉ ግን አለ» አለኝ ሰውዬው።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ዲስኩ ራሱ እንዴት ነው?»

«ጠዋት ጠዋት አልነሣም ይላል። አንዴ ከሞቀ ደህና ነው።»

የፈራሁትም ይኼንን ነበር። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ውስጥ ከማሽኑ ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገረው እምብርቱ ከርነል ይባላል። ከርነል ሥራ የፈታ ነገር አይወድም። ዲስክ ለጥቂት ጊዜ ምንም ካልተጠየቀ ተኛ ይለዋል፤ ውስጡ የሚሽከረከረው ሳህን ይቆማል፣ ኃይል ይቆጠባል። ሲፈለግ ይቀሰቅሰዋል። ለጤነኛ ዲስክ ምንም አይደለም። ያረጀውን ግን የሚገድለው መነሣቱ ነው። እየተሽከረከረ ሳለ ይሠራል፤ አንዴ ከቆመ ይነሣ አይነሣ እግዜር ይወቀው። ከርነሉ ትንሽ ይጠብቀዋል፣ ደጋግሞ ይጠራዋል፣ መልስ ሲያጣ ደግሞ የለም ብሎ ይተወዋል። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ቤንዚኑ ጨርሶ እስኪያልቅበት በጄኔሬተር ይሠራ ስለነበር ለመቆጠብ ብሎ ዲስኩን ቶሎ ቶሎ ያስተኛው ነበር። ስንት ጊዜ ተኝቶ ስንት ጊዜ እንደተነሣ ማን ያውቃል።

ጋቢዬ ውስጥ ሸጉጬ አሞቅሁትና ሰካሁት። አቃሰተ፣ ቆመ። ነቅዬ እንደገና ሰካሁት፤ አሁንም እንዲያው። በሦስተኛው ግን ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ቀጥ ብሎ መሽከርከር ያዘ።

«ተመስገን» አሉ እናትየው፣ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው።

ወዲያው ከርነሉን አዘዝኩት፤ ይኼን ዲስክ፣ ሥራ ይፍታ አይፍታ፣ እንዳታስተኛብኝ። ትእዛዙን መቀበሉን አየሁና ተነፈስኩ። ከዚያ መቅዳት ጀመርኩ፤ ግን የተጎዳ ቦታ ላይ እየደረሰ ይንተፋተፋል፣ በዚያ አካሄዱ እስኪመሽም አይጨርስ። ባትሪውን አየሁት፣ እስከዚያ አይቆይም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው። ቅጂውን አቋርጠን መጀመሪያ ቪዲዮውን እንክፈት፣ ልጁን እንፈልግ፣ ፊቱን ከስክሪኑ ላይ እናንሣ፣ በተረፈው ባትሪ የሚቀዳውን እንቅዳ ተባባልን። ዛሬም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም።

ቪዲዮውን እያሳለፍኩ ላሳያቸው አልደፈርኩም፤ ወዲያ ወዲህ መዝለል ዲስኩን ያደክመዋል። ስለዚህ ሠርጉን ከመጀመሪያው አየን። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ አየን፣ ከበሮ መቺዋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ስታስር አየን፣ ሙሽሪት እንደተኮሳተረች አየናት። «መፋታቱስ ያኔውኑ ያስታውቅ ነበር» ልል ስል ምላሴን ነከስኩት። እናትየው አያለቅሱም። ወደ ስክሪኑ አንገታቸውን አስግገው በዓይናቸው ሰው ይፈልጋሉ።

«ገና ነው፣ ሚዜዎቹን ዳሱ ውስጥ ስገባ ነው ያነሣኋቸው» ይላል የፎቶ ቤቱ ባለቤት።

ካሜራው ወደ ዳሱ ገባ። ሚዜዎቹ አንድ ዓይነት ሱፍ ለብሰው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ይጨፍራሉ።

«እሱ ነው!» አሉ እናትየው ከመቀመጫቸው ተነሥተው። «አቁሚው! አቁሚልኝ ልጄ፣ እሱ ነው!»

አቆምኩት። ለእኔ የሚታየኝ ጀርባና ማጅራት ብቻ ነው፤ አንዱን ከአንዱ አልለየውም። እሳቸው ግን ጣታቸውን አንዱ ማጅራት ላይ አሳርፈው ያወሩታል። «ከስተሃል እኮ። ማን ነው ፀጉርህን እንዲህ ያስተካከለህ?» ይሉታል። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም እንባዬ መጣ። ይቀጥል ልበላቸው ብዬ ነበር፤ ግን እናትን ከልጇ ላይ ማን ያጣድፋል? ዲስኩም እንዳይተኛ ታዟል፣ ምን ያስቸኩለኛል ብዬ ተውኳቸው።

ያን ጊዜ ድምፁ መውረድ ጀመረ። ወረደ፣ ወረደ፣ ቀጭ አለና ጸጥ አለ።

«በስመአብ!» አልኩ። ትእዛዜን ብመለከት ከርነሉ እንዳልኩት ይዞታል፣ አላስተኛውም። ያስተኛው ዲስኩ የተገጠመበት ያ ርካሽ የፕላስቲክ መያዣ ነው። ለካ የራሱ ሰዓት ኖሮታል፤ የሚጠይቀው ሲያጣ ማንንም ሳያማክር ዲስኩን አቁሞታል። እንዲህ ያለ፣ ከርነልን የማይሰማ ዕቃ ከዚያ በፊት ገጥሞኝ አያውቅም።

ወዲያው እንዲቀጥል ተጫንኩት። ኮምፒውተሩ ቀድሞ ያነበባት ጥቂት ነገር ነበረችና ሥዕሉ ተንቀሳቀሰ። ማጅራቱ ዞር ማለት ጀመረ። ጆሮው ወጣ፣ የጉንጩ ጫፍ ወጣ፣ ትንሽ ጢም ታየ። እዚያ ላይ ቆመ። ዲስኩ ሊነሣ ሲሞክር ክር፣ ክር ይላል። ከርነሉ ጠበቀው፣ ጠራው፣ ደግሞ ጠራው፣ ከዚያ ዲስኩ የለም የሚል ጽሑፍ አወጣ።

ስክሪኑ ላይ የቀረችውን ሥዕል ወዲያው አስቀመጥኳት። ዲስኩን በጋቢ አሞቅነው፣ ቀስ ብለን መታ መታ አደረግነው፣ መያዣውን ቀየርንለት። አልተነሣም። በማግሥቱ ደብረ ብርሃን ድረስ ላክነው፤ የመለሱልን ይሞታል የተባለውን በሽተኛ ወደ ቤቱ እንደሚመልሱት ነው።

እሑድ ለቅሶ ሄድኩ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ያቺን ሥዕል አተልቆ አትሞ ወንበር ላይ አቁሟታል። ጆሮና የጉንጭ ጫፍ፣ ትንሽ ጢም። ለቀስተኛው እየመጣ ያይና ግራ ይጋባል፤ ሙሾ አውራጇ እንኳ «ዓይኑ» ልትል ጀምራ ተወችው። አጎቱ በመጨረሻ አልቻሉም። «ጀርባ ለሰጠን ሰው ነው እንዴ የምናለቅሰው? አንሡልኝ ይኼንን!» ብለው ጮኹ።

«እንዳትነኩት!» አሉ እናትየው። ማንም አልነካውም።

ሲመሻሽ ልሰናበታቸው ቀረብኩ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እትዬ» ስላቸው እጄን ይዘው ከሰው ለየት አደረጉኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጄ። እውነቱን ንገሪኝ።»

«ይጠይቁኝ።»

«እኔ አቁሚው ባልልሽ ኖሮ ይዞር ነበር?»

መያዣው ነው ልላቸው አሰብኩ። ዲስኩ አርጅቶ ነበር፣ የትም አይደርስም ነበር ልላቸው አሰብኩ። ለኀዘንተኛ መዋሸት ኃጢአት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አፌ ደግሞ ለሌላ ጊዜ መች ያንሰዋል። ግን እጄን እንደያዙ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«ይዞር ነበር፣ እትዬ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እጄን ለቀቁኝና ሄደው ፊቱ ባለበት በኩል፣ ከወንበሩ ኋላ ቆሙ።