የሚስቱን ደም ያመላለሰው ሰው

ሆስፒታሉ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ደረሰ» ነው የሚሉት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የደም ናሙና በሞተር ሳይክል ሲያመላልስ፣ የላቦራቶሪውን በር በክርኑ ገፍቶ «ደረሰ!» ከማለት በቀር ሌላ ሰላምታ አያውቅም።

አንድ ቀን ሚስቱ አንጀቷ ተበስቶ በድንገት ቀዶ ሕክምና ተደረገላትና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባች። የምትተነፍሰው በመሣሪያ ነበር። እሱም በቀን ለሩብ ሰዓት ከመስተዋቱ ወዲህ ሆኖ ያያታል እንጂ እጇን መንካት አልተፈቀደለትም። ሠላሳ ዓመት «እባክሽ አንዴ እንኳ ዝም በይ» ሲላት የኖረ ሰው፣ ቤቱ ሲገባ ዝምታው በላው። ነጠላ ጫማዋን በር ላይ እንደተወችው ትቶ፣ እሱን እየተሻገረ ይገባል ይወጣል።

በዘጠነኛው ቀን ትኩሳቷ ከፍ አለ። መድኃኒት ቢቀያየርም አልበርድ አለ። ዶክተሯ ኮሪደር ላይ ጠራችው።

«ጋሼ፣ ደሟ ውስጥ ፈንገስ ሳይገባ አልቀረም።»

«ፈንገስ? ይሄ እግር ጣት መሐል የሚወጣው?»

«የሱ ዘመድ በለው። አብቅለን እስክናየው ቀናት ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜም ያመልጠናል። ከፈንገሱ ገላ እየተላጠ ደም ውስጥ የሚቀር ነገር አለ፤ እሱን የሚለካ የደም ምርመራ መጥቷል። ግን የሚሠራው ከተማው ማዶ ያለው ላቦራቶሪ ብቻ ነው።»

«ታዲያ እኔ አለሁ አይደል?»

አለቃው «አንተ እረፍ፣ ሌላ ሰው ይውሰደው» ቢለው፣ «የሷን ደም ለማንም አልሰጥም» ብሎ እምቢ አለ።

ሲስተሯ ብልቃጡን ስትሰጠው ገና ትኩስ ነበር። ናሙና የሚያጓጉዝበት ሳጥን ውስጥ ማስቀመጡን ትቶ በመዳፉ ጨብጦ ቆመ። የሚስቱን ሙቀት ካገኘ ዘጠኝ ቀኑ ነው።

«ጋሼ፣ ጊዜ የለንም» አለችው ሲስተሯ ቀስ ብላ።

በነፋስነቱ የሚታወቀው ሰውዬ ያን ቀን ነፍሰ ጡር እንዳፈናጠጠ ሰው ነዳ። ጉድጓድ ባየ ቁጥር «ያዝ አድርጊ እንግዲህ» ይላል ለሳጥኑ።

ከሰማንያ በታች መሆን የነበረበት ቁጥር ከሦስት መቶ በላይ ሆኖ መጣ።

«አንድ ጊዜ አያስተማምንም» አለች ዶክተሯ፤ «የቁስል ፋሻ እንኳ ያሳስተዋል። ደግመን እንልካለን። መድኃኒቱን ግን ዛሬውኑ እጀምርላታለሁ።»

ሁለተኛውም ያው ሆነ። በመድኃኒቱ አምስተኛ ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ቁጥሩ ግን እያመነታ ነው የወረደው። ደሟን ሰባት ጊዜ አመላለሰ። በየጊዜውም ሲስተሯ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞርለታለች፤ ብልቃጡን ጥቂት ይዞት ይቆማል።

በሃያ ሰባተኛው ቀን፣ የመተንፈሻው ቱቦ ከወጣላት በኋላ፣ እንዲገባ ተፈቀደለት። እሷ ትክ ብላ አየችውና በሰለለ ድምፅ፣ «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው?» አለችው። ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጡበት።

ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ስለዚህ እስክትጠነክር ልጃቸው ወስዳታለች። እሱ እሑድ እሑድ ይሄዳል። ባለፈው እሑድ ሊወጣ ሲነሣ እጅጌውን ያዘችው።

«ደረጃውን እኮ አረፍ አረፍ እያልኩ እወጣው ነበር።»

«ዶክተሯ አንድ ወር ብላለች።»

«እሷ ምን አለባት፤ ባሏ ጋ ነው የምታድረው» አለች። ልጃቸው ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ወሩ ሊሞላ ገና አሥራ ሁለት ቀን ይቀራል።