ትንፋሽ ስቦ «አዎ» ማለት

ለንደን፣ ኬኒንግተን ሰፈር ባንድ ሱቅ ካሸር ሆኜ ስሠራ፣ አንድ ጎልማሳ ደንበኛ የተበላሸ ወተት ይዞ መጣና ይጮህብኝ ጀመር። እኔ ሽማግሌው እንዳገሬ ሰው፣ «አዎ» ለማለት ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረግሁ አዳመጥሁት። ድንገት ጩኸቱን አቆመ።

«መተንፈስ አቃተዎት? ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ሳበልኝ።

ይህ ደግነት እስካሁን የት ተደብቆ ነበር ብዬ እየገረመኝ ተቀመጥሁ። እውነቱን ለመናገርም አልቸኮልሁ፤ ወንበሩ ተመችቶኛል። ግን ዞር ብሎ አለቃዬን «እንዴት በሽተኛ ሽማግሌ ታሠራለህ?» ብሎ ሲያፋጥጠው ከሥራ መባረሬ ታየኝ።

«ጤነኛ ነኝ፤ እኛ አገር ‹አዎ› የምንለው እንዲህ ነው» ብዬ ደግሜ አሳየሁት።

ሰውየው ወተቱን አስቀመጠና እሱም ትንፋሹን በኃይል ሳበ።

«እንዲህ?»

«ቀለል አድርገው» አልሁት፤ «እንዲህማ አምቡላንስ ያስጠራል።»